ማስክ ቤት ውስጥና መንገድ ላይ እንዴት ይቀመጣል (ለደሴ ጉምና ለኮምቦልቻ አቧራ)

ኮሮና ጋብ ሲል ማስክም አብሮ ይሄዳል ያልን ብዙ ነን፣ ግን የት ይሄዳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል ሰው ተሻምቶ የገዛው ካርቶን ካለቀ ቆይቷል፣ ዛሬም ግን የማንንም ቤት የብፌ መሳቢያ ብትከፍቱ ከሻማው ከክብሪቱና ከተበላሸው ቻርጀር ጋር ተጠላልፎ አንድ ሁለት ማስክ አይጠፋም። በርበሬ ሲዘጋጅ ይፈለጋል፣ ሆስፒታል ሰው ሊጠየቅ ሲኬድ ይፈለጋል፣ ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሲኖር ይፈለጋል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባሱ መስኮቱን ዘግቶ ሐረጎን ሲወርድ ከኋላ ወንበር ሳል ከጀመረ ደሞ በጣም ይፈለጋል። ያኔ መሳቢያው ይበረበራል፣ የተገኘው ይነሳል፣ ይታጠብ አይታጠብ የማን ይሁን የማን ሳይታወቅ አፍ ላይ ይደረጋል።

እኔ የምለው፣ ማስክ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አውልቀን ያስቀመጥነው ቦታ ላይ ነው። ስናደርገው እንጠነቀቃለን፣ ስናወልቀው ግን ጠቅልለን ኪስ ውስጥ ከብርና ከቁልፍ ጋር፣ አንዳንዱ ከጫት ቅጠል ጋር፣ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ፣ እናቶች ጡታቸው ስር። ስለዚህ ዛሬ ስለ አቀማመጡ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ማስክ ይደረግ አይደረግ የሚለው ክርክር ይቆየን።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ

ሁሉንም ስላችሁ ሁሉንም ነው። መሳቢያ፣ የኮት ኪስ፣ የልጆች ቦርሳ፣ የእጅ ቦርሳ፣ ከበር ጀርባ ያለው ሚስማር፣ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው እሱንም ይፈትሽ። ንጹህ አንሶላ ወይም ጋዜጣ አንጥፉና ዘርግፉት። ከዛ እጃችሁን ታጥባችሁ በአይነት በአይነት ለዩ።

ሰማያዊው ወይም ነጩ ቀጭኑ፣ ሰርጂካል የምንለው፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ እንዲጣል የተሠራ ነው። ከካርቶኑ ያልወጣ ወይም በላስቲኩ እንደታሸገ ያለ ከሆነ አስቀሩት። ለብቻው ተበትኖ የተገኘ ከሆነ ግን ንጹህ ይመስላል ብላችሁ አትከራከሩ፣ ጣሉት። ይሄን ስል አንዳንዱ ሰው "አረ አንድ ቀን ብቻ ነው ያደረግኩት" ይላል፣ እሱ ነው እኮ ችግሩ፣ ያ አንድ ቀን መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የጨርቁ ማስክ ይታጠባል ይቆያል። ግን ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት፣ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ላስቲኩ ላልቶ አፍንጫ ላይ የማይቆም ከሆነ በቃው። ላስቲክ ብቻ ከሆነ የላላው ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስቀየር ይቻላል፣ ጨርቁ ከሳሳ ግን ለወጥ ቤት ማበሻ አድርጉት።

ኤን 95 እና ኬ ኤን 95 የሚባለው ወፍራሙ፣ ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ የመጠቀሚያ ጊዜው ተጽፎበታል፣ እዩት። ማጣሪያው ደህና ቢመስል እንኳ ላስቲኩ ከጊዜ ብዛት ይደርቅና ስትስቡት ይበጠሳል ወይ ሳይሰበሰብ ይቀራል። ፊት ላይ ካልተጣበቀ ኤን 95 መሆኑ ስሙ ብቻ ነው፣ አየሩ በጎን ይገባል።

አራተኛው ክምር የሥራ ማስክ ነው፣ የሲሚንቶ፣ የእንጨት ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የበርበሬ። እሱን ከሌላው ጋር አታገናኙት፣ ወደ ታች ለብቻው እመጣበታለሁ።

2. ሦስት ቦታ አዘጋጁ፣ ከሦስት አያንስም

አንዱ ለንጹህ፣ አንዱ ለዛሬው፣ አንዱ ለሚታጠበው። ብዙ ቤት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው እሱም ከበር ጀርባ ያለው ሚስማር፣ የአባወራውም የሚስትም የልጁም የእንግዳውም እዛው ላይ ይደረባል፣ የአንዱ አፍ የነካው የሌላውን ፊት ለፊት ይነካል። ይሄ ከቀረ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ለንጹሁ ክዳን ያለው የጫማ ካርቶን ከበቂ በላይ ነው። ውስጡን ነጭ ወረቀት አልብሱት፣ ካርቶኑ አቧራ ካለው መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የብስኩት ቆርቆሮም ያምራል ብዙ ሰው እሱን ይወዳል፣ ግን ደሴ ላይ ከሆናችሁ ቆርቆሮ ውስጥ የምታስገቡት ከፋብሪካ እንደታሸገ ያለውን ብቻ ይሁን፣ ታጥቦ ትንሽ እርጥበት የቀረበትን የጨርቅ ማስክ ቆርቆሮ ውስጥ ዘግታችሁ ብታስቀምጡት ክረምት ላይ ስትከፍቱት ሻጋታ ነው የሚቀበላችሁ።

ለዛሬው፣ ማለትም ጠዋት ተደርጎ ከሰዓት ለሚደገመው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የወረቀት ከረጢት ወይም ትልቅ ፖስታ። ስም ይጻፍበት። ፖስታ የመረጥኩት አየር ስለሚያስወጣ ነው፣ በአፋችን የወጣው እንፋሎት ማስኩ ላይ አለ፣ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እዛው ይታፈናል። ፖስታው ሲጨማደድ ይጣላል ሌላ ይተካል፣ ውድ ነገር አይደለም።

ለሚታጠበው ደሞ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ወይም የሚታሰር ፌስታል፣ ከልብስ እጥበቱ ቅርጫት አጠገብ። እርጥብና ቆሻሻ ሆኖ ፌስታል ውስጥ ብዙ እንዳይቆይ፣ የዛኑ ቀን ወይ በማግስቱ ይታጠብ።

3. የት ይቀመጥ

ካርቶኑን መኝታ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሳሎን ብፌ ላይ አታስቀምጡ፣ ምክንያቱ ቡና ነው። እኛ ቤት አቦል ቶና በረካ ሳይባል አይነሳም፣ እጣኑም ከሰሉም እዛው ሳሎን ነው፣ ማስኩ ያን ሁሉ ጭስ ጠጥቶ ሲያድር ጠዋት ስታደርጉት አፍንጫችሁ ላይ እጣን እንደታሰረ ነው የሚሆነው፣ እጣን ደሞ ጥሩ ነገር ነው ግን አስም ላለበት ሰው ቀልድ አይደለም። ወጥ ቤትም አይሆንም ሽንኩርትና ቅባት ይይዛል። መታጠቢያ ቤት እርጥበት ነው። የመስኮት ጠርዝ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ የፀሐይ ሙቀት በተለይ ላስቲኩን ያደክመዋል፣ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ያላችሁ ይሄን ከደሴ ሰው በላይ ታውቁታላችሁ።

የዛሬዎቹ ፖስታዎች መግቢያ በር አካባቢ ይሁኑ፣ ምክንያቱም ከቤት ስትወጡ ካላያችሁት ትረሱታላችሁ። ግድግዳ ላይ ገመድ ወጥራችሁ በሞሌታ እያንዳንዱን ፖስታ ለየብቻ መስቀል ነው፣ በፖስታና በፖስታ መሀል አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ይኑር። ሞሌታው ፖስታውን ይያዝ እንጂ ማስኩን አይንከስ።

4. ሲወልቅ እንዴት ይታጠፋል

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል ወይም በሳኒታይዘር ይታሻል። የጆሮውን ላስቲክ ብቻ ይዛችሁ ከኋላ ወደ ፊት ታወልቃላችሁ፣ የፊቱን ክፍል ጨብጦ ማውለቅ የለም። ሰርጂካሉ መልሳችሁ የምታደርጉት ከሆነ የውጪው ፊት እርስ በርሱ እንዲገጥም አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉት፣ በሌላ አባባል አፍ የሚነካው በኩል ወደ ውጪ ይሆናል፣ ከመንገድ አቧራ የነካው በኩል ውስጥ ይዘጋል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያጥፈዋል፣ የአፉን በኩል ለመጠበቅ ብሎ፣ ከዛ ግን የውጪው ፊት ፖስታውንም ጣቱንም ሁሉ ይነካካል። አሁን የአፉ በኩል ፖስታውን ይነካ የለ ወይ ብትሉ አዎ ይነካል፣ ለዛ ነው ፖስታው ንጹህና የናንተ ብቻ መሆን ያለበት።

ኤን 95 ግን አይታጠፍም፣ ከፋብሪካ ታጥፎ ከመጣው አይነት በስተቀር። እንደ ጽዋ ያበጠው አይነት አንዴ ከተጨፈለቀ ፊት ላይ በትክክል አይገጥምም። ሰፋ ያለ ከረጢት ውስጥ ላዩ ላይ ምንም ሳይጫነው ይቀመጥ።

መልሳችሁ ስታደርጉ እንደገና እጅ መታጠብ አለ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ለምን ይሄን ያህል ጥንቃቄ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገረው፣ በ2020 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ቫይረሱን የተለያየ ነገር ላይ አድርገው ሲከታተሉ የሰርጂካል ማስክ ውጪኛው ፊት ላይ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ አግኝተውታል፣ ጨርቅና እንጨት ላይ ግን ቶሎ ነው የጠፋው። ላብራቶሪ ነው እንግዲህ፣ ብዙ ቫይረስ ሆን ተብሎ የተደረገበት፣ ኪሳችሁ ውስጥ እንደዛው ይሆናል ማለት አይደለም። ግን "ትላንት ስለሰቀልኩት ጸድቷል" የሚለው ነገር እንደማያስኬድ ያሳያል።

5. እጥበትና ማድረቅ፣ የደሴ ሰው ፈተና

የሚታጠበው የጨርቁ ብቻ ነው። ሰርጂካልና ኤን 95 አይታጠብም፣ በአልኮልም አይረጭም። መሀሉ ላይ ያለው ሽፋን ብናኝ የሚይዘው በቀዳዳው ጥበት ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ በተሰጠው ኤሌክትሪክ ነው፣ ሳሙናና አልኮል ያንን ያጠፉታል። ላዩ ይጸዳል፣ አዲስ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሄዷል።

የጨርቁን ከሥራ ልብስ ጋር አደባልቃችሁ አትጠቡ። ሙቅ ውሃ 60 ዲግሪና ከዛ በላይ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ በቃ። ሙቅ ውሃ ከሌለ በቀዝቃዛው በሳሙና እጠቡና ከዛ ለ1 ደቂቃ አፍሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያለው ይሄንኑ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ሳይደርስ ነው፣ 91 ወይም 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ምስር ቶሎ የማይበስለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ አይደል፣ ለማስክ ግን ከበቂ በላይ ነው አትጨነቁ። በረኪና አታብዙ፣ በደንብ ካልተለቀለቀ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ነው።

አሁን ማድረቁ። በጋ ላይ ችግር የለም፣ ጠዋት የታጠበ ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው የተሰጣ ልብስ እኮ ከነጋ እስኪመሽ እንደረጠበ ይውላል እንጂ አይደርቅም። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል፣ ከሰል ምድጃ ላይ ይሰቅለዋል። አታድርጉት። ጭሱን ይጠጣል፣ መሀሉ ላይ ፕላስቲክነት ያለው ሽፋን ከተሰፋበት ደሞ ይቀልጣል፣ ቤቱ ተዘግቶ ከሰል ከነደደ ደሞ ለራሳችሁም አደጋ ነው፣ በየክረምቱ በከሰል ጭስ ታፍኖ የሚያድር ሰው ወሬ እንሰማለን። ይልቅ እንዲህ አድርጉ፣ ካጠባችሁ በኋላ አትጠምዝዙት፣ በንጹህ ደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፣ ፎጣው ብዙውን ውሃ ይጠጣዋል። ከዛ በላስቲኩ ሰቅላችሁ ቤት ውስጥ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይደር። ጠዋት ላይ እርጥበት ከቀረው ንጹህ ጥጥ ከሆነ በካውያ ተኩሱት፣ አፍንጫ ላይ ያለውን ሽቦና ላስቲኩን ሳትነኩ። መብራት ከጠፋ ደሞ ያው እንግዲህ፣ ለዚህ ነው ክረምት ላይ ለአንድ ሰው ሁለት የጨርቅ ማስክ የማይበቃው፣ አራት አድርጉት።

ደርቋል አልደረቀም ለማወቅ የእጅ ጀርባ የተሻለ ነው፣ ወይም ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፣ ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው። ቀዝቀዝ ያለው ካርቶን ውስጥ አይገባም። አንዱ ያልደረቀ ሌላውን ሁሉ ሽታ ያስይዘዋል።

6. ኤን 95 ላላችሁ

ከበሽተኛ ጋር የምትውሉ፣ ቤት ውስጥ ሳንባ ታማሚ የምታስታምሙ፣ እሱን በየቀኑ አዲስ መግዛት አይቻላችሁም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2020 እጥረት ጊዜ ለጤና ባለሙያ ያወጣው ዘዴ ቤት ውስጥም ይሠራል፣ አምስት ማስክ አምስት የወረቀት ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያላችሁ ትጽፉበታላችሁ፣ አንዱን ካደረጋችሁት በኋላ ቢያንስ አምስት ቀን ሳይነካ ያርፋል። የተቀደደ፣ የረጠበ፣ ደም ወይም አክታ የነካው፣ ላስቲኩ የላላ ወዲያው ይጣላል፣ ዙሩን አይጠብቅም። ፊት ለፊቱ ላይ ክብ ፕላስቲክ መተንፈሻ ያለው ማስክ ካላችሁ እሱ የናንተን ትንፋሽ ሳያጣራ ነው የሚያስወጣው፣ እናንተ ስትታመሙ ለሌላው አይጠቅምም፣ ለአቧራ ሥራ መድቡት።

7. የበርበሬ ማስክ

ይሄን ለብቻ ያደረግኩት ብዙ ቤት ስለማይታሰብበት ነው። በርበሬ ሲቀነጠስ ሲወቀጥ የሚነሳው ብናኝ ማስኩ ጨርቅ ውስጥ ይገባል፣ ሲታጠብም ቶሎ አይለቅም ምክንያቱም የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ ሳሙና ሳይበዛበት በውሃ ለቅለቅ ተደርጎ ካርቶን ውስጥ የተመለሰ የበርበሬ ማስክ ሳምንት ቆይቶ ልጅ ሲያደርገው ከንፈሩ አይኑ ሁሉ ይቃጠላል፣ ያለቅሳል፣ ምን ነካው ተብሎ ቤቱ ይታመሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ማስክ ለበርበሬ ብቻ መድቡ፣ በቀይ ክር ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ስፉበት፣ ማንም ሳይጠይቅ እንዲያውቅ። ከሥራው በኋላ ውጪ ወጥታችሁ አራግፉት፣ በላርጎ ወይም በኦሞ ሁለቴ እጠቡት፣ ያጠባችሁበትን እጅ አይናችሁ ላይ እንዳታደርጉ፣ ደርቆ በፌስታል ታስሮ የሚቀመጠው ከበርበሬው ማስቀመጫ ጋር ነው ወይም ከሙቀጫው ጋር፣ ከንጹሁ ካርቶን ጋር በፍጹም። የወፍጮ ቤትና የጤፍ ውቂያ ማስክም እንደዛው፣ እብቁ ስፌቱ ውስጥ ይገባና ያሳክካል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ከሥራ የመጣውን ማስክ ቤት ይዛችሁ አትግቡ፣ የግድ ከሆነ ታስሮ በር ላይ ይቅር። ብሎኬት የምታመርቱ ሲሚንቶ የነካው ሲረጥብ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል፣ ቆዳም ይልጣል፣ ይጣል።

8. መንገድ ላይ

ቦርሳ የምትይዙ ሰዎች ሥራችሁ ቀላል ነው፣ ሁለት ከረጢት ያዙ። አንዱ ንጹሁ ያለበት፣ አንዱ ያወለቃችሁት የሚገባበት። በከለር ይለያዩ። ቦርሳ የማይዝ ወንድ ደሞ ደረት ኪሱን ለንጹህ በፖስታ፣ የጃኬት የጎን ኪሱን ላወለቀው በሌላ ፖስታ ያድርግ፣ ሱሪ ኪስ ለማስክ አይሆንም ስትቀመጡ ይጨማደዳል በዛ ላይ ብሩም ቁልፉም ስልኩም እዛ ነው።

ከረጢቱን ቤት መስፋት ይቻላል። ከአሮጌ ትራስ ልብስ ወይም ከነጠላ ትራፊ ርዝመቱ 31 ሳንቲሜትር ስፋቱ 23 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ውሰዱ። ሁለቱን አጭር ጠርዞች 1 ሳንቲሜትር አጥፋችሁ ስፉ፣ ከዛ ርዝመቱን ለሁለት አጥፉት፣ ግራና ቀኙን 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ፣ ገልብጡት። አፉ 21 ጥልቀቱ 14 ተኩል የሚሆን ከረጢት ታገኛላችሁ፣ ሰርጂካል ማስክ 17 ተኩል በ9 ተኩል ገደማ ስለሆነ ሳይታጠፍ ይተኛበታል። አዝራር ወይም ቁልፍ አድርጉለት፣ ዚፕ ላስቲኩን ይነክሳል። ጨርቅ የሆነበት ምክንያት ከማስኩ ጋር አብሮ ስለሚታጠብ ነው፣ ከረጢቱ ካልታጠበ ማስኩን ማጠብ ዋጋ የለውም። ጥልፍ የምትችሉ ካላችሁ ደሞ አምሮ ለስጦታ ይሆናል፣ የኛ አካባቢ ሴቶች ጥልፍ ታውቃላችሁ።

ምሳ ቤት ወይም ጁስ ቤት ስትቀመጡ ማስኩን ጠረጴዛ ላይ አታድርጉ፣ አገጭ ስርም አታውርዱት፣ ክንድ ላይም አትስቀሉት። አገጭ ስር ያለው ማስክ አንገት ላይ ያለውን ላብና አቧራ ሁሉ ይሰበስብና ተመልሶ አፍ ላይ ይወጣል። ፖስታው ውስጥ ግባ በሉት፣ ስትበሉ ቆዩ፣ እጅ ታጥባችሁ ነው የምትበሉት አይደል፣ ከበላችሁም በኋላ ታጥባችሁ ነው የምትነሱት፣ ስለዚህ እጥበቱ ራሱ ተመቻችቷል።

ባጃጅና ሚኒባስ የምትነዱ ወንድሞች፣ መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለው ማስክ፣ ግዴታ በነበረ ጊዜ ለትራፊክ ፖሊስ ማሳያ ብቻ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ያነደዋል፣ አቧራ ይጠጣል፣ እይታም ይጋርዳል። ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ ወይም የመነፅር ቤት የመሰለ ነገር ፈልጉና ዳሽቦርዱ ስር አስቀምጡ፣ ሁለት ሦስት ንጹህ ትርፍ እዛው ይኑር። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ብር ሲቀበል ነው የሚውለው፣ የራሱን ከረጢት ለየብቻ ይያዝ፣ ከሾፌሩ ጋር አይደባለቅ።

ሶላት ለምትሄዱ፣ ማስኩን ከጫማው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ የምታስገቡ አይቻለሁ፣ አላህ ይባርካችሁና ለዩት። ቤተክርስቲያን የምትሄዱም ነጠላ ጫፍ ላይ መቋጠሩን ተዉት፣ ነጠላው ሲሳለሙ ሲሰገድ መሬት ይነካል።

ግሸን ለምትወጡ ደሞ፣ መስከረም 21 ለመድረስ ሰው ቀደም ብሎ ነው ከቤት የሚወጣው፣ አምባሰል ላይ መንገዱ ሰው በሰው ነው፣ ውጪ ይታደራል፣ መታጠቢያ እንደልብ የለም። ስለዚህ ማጠብን እርሱት። የጨርቁን ቤት ተዉትና ሰርጂካል ውሰዱ፣ በቀን ሁለት አስቡና የመመለሻውን ጨምሩ። ንጹሁን በአንድ በደንብ በሚዘጋ ፌስታል፣ ከስንቁ በላይ ከልብሱ በታች አድርጉት፣ ከአገልግሉ ጋር ግን አይሁን ቅባት ይነካዋል። ለተጠቀማችሁበት ሌላ ፌስታል ባዶውን ያዙ፣ ያወለቃችሁትን እሱ ውስጥ እያስገባችሁ ይዛችሁት ውረዱ፣ ተራራው ላይ አትጣሉት። ዝናብ ከመታው ማስክ ወዲያው ይቀየር፣ እርጥብ ማስክ መተንፈስም ይከለክላል ማጣራቱንም ያጣል።

9. ልጆች

ልጆች ማስክ ይቀያየራሉ። ትምህርት ቤት ማስክ ግዴታ የነበረ ጊዜ ያስተማራችሁ መምህራን ታስታውሳላችሁ፣ ጠዋት ሰማያዊ አድርጎ የመጣው ከሰዓት ሥዕል ያለበት አድርጎ ነው የሚወጣው፣ የኔ ያምራል ያንተ ያምራል ተባብለው። መከላከያው ስም ነው። ውስጡ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ በክር ስም ወይም ምልክት ስፉበት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለያየ የክር ከለር፣ ከረጢቱም በዛው ከለር። እስክሪብቶ ሲታጠብ ይለቃል። ደብተር ቦርሳ ውስጥ ከዳቦው ጋር እንዳይገናኝ የፊት ኪሱን ስጡት።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አይደረግለትም፣ ላስቲኩም አጠገቡ አይቀመጥ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፣ አፉ ውስጥም ያስገባዋል። ካርቶኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው።

10. የሚጣለው

ሁለቱን ላስቲክ በመቀስ ቁረጡ፣ ዶሮና ወፍ እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል። ጠቅልላችሁ በፌስታል አስራችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ። ግቢ ውስጥ አታቃጥሉት፣ ፕላስቲክ ነው ጭሱ መልሶ እናንተኑ ነው የሚያስለው። ቦርከና ወንዝ ውስጥም አትጣሉ፣ ከታች ውሃውን ለከብት የሚያጠጣ ሰው አለ። በግና ፍየል ግቢ ያላችሁ ደሞ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን በድንጋይ ጫኑት፣ ፍየል ጨው የቀመሰ ነገር ትወዳለች፣ ማስክ ደሞ ላብ አለበት።